በሬ ገዢው መኪና ሊገዛ ሲሄድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ወረታን ያገኛል። ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት የጉማራን ወንዝ ይሻገራል፤ ካለፋት በኋላ ደግሞ ርብን ይሻገራል። ሁለቱም ከምሥራቅ ተራሮች ወርደው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ በየክረምቱ ያመጡት ደለልም የፎገራን ሜዳ ጥቁርና ለም አድርጎታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ስለ ሆነ፣ ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ባጃጁም፣ አህያውም በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወደዚህ ቢመጡ፣ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ድምፅ ከሩቅ ይቀበልዎታል። ሩዝ ለፎገራ የጥንት እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስተዋወቁት፤ ቀድሞ ውሃ ተኝቶበት እህል እምቢ ይል የነበረው ሜዳ ለዚህ አዲስ እንግዳ ተስማማው። ዛሬ ሕዝቡ «ነጭ ወርቅ» ይለዋል፤ በከተማይቱም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞለታል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ የወንዝ ውሃ በሞተር የሚስብ ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል።

ገንዘብ ሲገኝ ምኞት ይከተላል። ቀድሞ ትርፍ ያገኘ የፎገራ ገበሬ ከብት ይጨምር ነበር። አሁን ግን ለልጁ ባጃጅ፣ ወይም እንደ አቅሙ ሚኒባስ ሊገዛለት ያስባል። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁትም ይህ ሰው ከከብት ገበያ ወጥቶ ወደ መኪና ገበያ ሲሻገር ስለሚገጥመው ነገር ነው።

የፎገራ ከብት የታወቀ ዘር ነው፤ ረግረጉን ይችላል፣ ይታለባል፣ ያርሳል። ገዢው ታዲያ በሻጩ ምስጋና ብቻ አይገዛም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ጫንቃውን ዳስሶ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል። ሻጩ የሰፈሩ ሰው ከሆነ ጠምዶ ይሞክረዋል። የማያውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ በሬው የሌባ እንዳይሆን «ዋስህ ማነው?» ይለዋል። ይህን ሁሉ ሲጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ባለፉት ዓመታት ከማስተምራቸው ልጆች የአንዱ አባት አሮጌ ሚኒባስ ሊገዙ ተነሡና፣ «መምህር፣ ወረቀቱን አንብብልኝ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን በስልክ ፎቶግራፉ የታየን መኪና «ትናንት ተሸጠ» ተባለና ሌላ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ቀረበልን። በሁለተኛው ቀን የተስማማንበት ዋጋ በአንድ ሌሊት ጨመረ፤ «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ ቆሟል» አሉን፤ የቆመውን ገዢ ግን አላየነውም። በሦስተኛው ቀን ሊብሬውን ስናይ የተጻፈው ስም የሻጩ አልነበረም። ሻጩ የያዘው ከሌላ ሰው የተቀበለውን ውክልና ሲሆን፣ መኪናው ደግሞ የባንክ ዕዳ ነበረበት።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ልጄ፣ በሬ ስገዛ ጥርሱን አያለሁ፤ የዚህን ጥርስ አሳየኝ» አሉት። ደላላው ሳቀና፣ «አባቴ፣ መኪና እንደ በሬ አይደለም፤ በእምነት ነው የሚገዛው» ብሎ መለሰላቸው። እሳቸውም ገንዘባቸውን በጋቢያቸው ሥር እንደ ያዙ ወጡ። የሦስት ቀን ድካምና የመሳፈሪያ ገንዘብ ቀረባቸው፤ የሩዙና የሽንኩርቱ ዋጋ ግን ተረፈ።

ይህ የደላላው ችግር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ ግን አያውቅም። ገዢ ስለሚፈራ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው «አልሸጥም» ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል። ሦስት መጽሔቶች ጽሑፉን አንቀበልም ብለው መልሰውበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ሽማግሌው የአከርሎፍን ስም ሰምተው አያውቁም፤ «ጥርሱን አሳየኝ» ማለታቸው ግን ለዚሁ በሽታ የተገኘ መድኃኒት ነው።

መኪናም ጥርስ አለውና። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው መሣሪያ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የፍሬኑ መርገጫ ጎማና የመሪው እጀታ ግን ያለቁትን ያህል ይናገራሉ። በአዲስ ቀለም ሥር ስቱኮ የተለሰነበት ቦታ ላይ ማግኔት አይዝም። ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ሲነሣ የሚወጣው ጢስ የተደበቀውን ሕመም ይገልጣል፤ ብልህ ሻጭ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት አሙቆ የሚጠብቅዎም ስለዚህ ነው። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። ዋስ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል። ገዢም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ወደ ተማርነው ልመለስ። ከገበሬው ይልቅ በቀላሉ የሚሸነፈው በእቁብና በብድር ገንዘብ ያጠራቀመው ወጣት ሠራተኛ ይመስለኛል። ደላላው «እርስዎማ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ምን አስረዳዎታለሁ?» ይለዋል፤ እሱም ጥያቄውን ይውጣል። «ሴት የያዘችው መኪና ናት፤ ከቤት ቢሮ ብቻ» ሲባል ራሱን ይነቀንቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ «ከእንግዲህ አይገኝም፤ ይፍጠኑ» የሚል ማስቸኰያ ተጨምሯል። ደላላ ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገዢና ሻጭን ማገናኘት ራሱ ሥራ ነው። ነገር ግን ክፍያውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ስለ ሆነ፣ የእሱ ጥቅም በፍጥነት ላይ፣ የእርስዎ ጥቅም በዝግታ ላይ ነው።

የተማሪዬ አባት በመጨረሻ ከባለቤቱ እጅ፣ መካኒክ አስከትለው፣ በማለዳ ገዙ። ቀሪውን ገንዘብ የከፈሉትም በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስሙ ወደሳቸው ከተዛወረ በኋላ ነው። ከፊርማው በፊት ግን መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ጎንበስ ብለውም ከሥር አዩት። መካኒኩ «አባቴ፣ እኔ አይቼዋለሁ እኮ» ቢላቸው፣ «አንተ አየህ እንጂ እኔ መች አየሁ?» አሉት።