ጨዋነት ለተጋጣሚ እንጂ ለተመልካች አይደለም

ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ዳላስ ላይ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ባጭሩ ኤልኤስዩ፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲን 102 ለ 85 ረትቶ የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ ወሰደ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት የኤልኤስዩዋ ኤንጅል ሪስ የአይዋዋን ኮከብ ኬትሊን ክላርክን ተከትላ ሄደችና መዳፏን በገዛ ፊቷ ፊት ወዲያ ወዲህ አወዛወዘች። ምልክቱ የነጻ ትግሉ ዝነኛ የጆን ሲና ነው፤ "አታዪኝም" እንደማለት። ቀጥላ ወደ ቀለበት ጣቷ አመለከተች፤ በአሜሪካ ሻምፒዮን ቀለበት ይሸለማልና ቀለበቱ የማን እንደሆነ ማሳየቷ ነበር። በዚያ ምሽት ስለ ኳሱ የሚወራ ብዙ ነገር ነበረ። ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 21 ነጥብ ያስቆጠረችው ጃስሚን ካርሰን ለብቻዋ አንድ ታሪክ ነበረች። ወሬው ግን የሪስ እጅ ላይ ቀረ። ስም ያላቸው የስፖርት ተናጋሪዎች አንዲትን የ20 ዓመት ተማሪ በትዊተር ደደብ ብለው፣ ከዚያም በባሰ ቃል ሰድበው፣ ስፖርታዊ ጨዋነት የላትም ሲሉ ፈረዱባት።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሲያትል ላይ ክላርክ ራሷ ያንኑ ምልክት አሳይታ ነበር። አይዋ ሉዊቪልን ባሸነፈበት በዚያ ጨዋታ 41 ነጥብ አስቆጥራ፣ ለ12 ነጥብ ማስቆጠሪያ ኳስ አቀብላ፣ 10 ሪባውንድ ስለያዘች ሁሉም ስለ እልኋና ስለ ልበ ሙሉነቷ አወራ። ጆን ሲናም በትዊተር አሞካሻት። ሪስ ጥቁር ናት፣ ክላርክ ነጭ ናት። ሪስ ከፍጻሜው በኋላ ለጋዜጠኞች ስትናገር ዓመቱን ሙሉ "የመንደር ልጅ" እየተባለች ስትተች እንደከረመች፣ ሌላው ሲያደርገው ግን ማንም ምንም እንደማይል ገልጻለች። እውነቷን ነው። ዓመት ሳይሞላ አንድ ትልቅ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ የኤልኤስዩ ተጋጣሚ የነበረውን ዩሲኤልኤን የአሜሪካ ተወዳጆች አድርጎ፣ የኤልኤስዩን ልጆች ደግሞ በሚያዋርድ ስም ጠርቶ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ቁጣ ሲነሳ ስሙ ከጽሑፉ ወጣ፤ ጸሐፊውም ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ የቆዳ ቀለም ጉዳይ የለበትም የሚል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚከራከረው። እኔ የምለው ግን አድልዎው በዚህ ልክ ሊገባ የቻለው ጨዋነትን የምንመዝንበት ሚዛን ራሱ ስለተዛባ ነው። ጨዋነት ተጫዋች ለተጋጣሚው ያለበት ዕዳ ነው፤ አካሉን አለመጉዳት፣ ድካሙን አለመናቅ፣ ሽንፈቱ ላይ ሌላ ውርደት አለመጨመር። እኛ ግን ለተመልካች ስሜት የሚከፈል ግብር አደረግነው። ግብር ሲሆን ደግሞ ሁልጊዜ አብዝቶ የሚከፍለው፣ ተመልካቹ ያልለመደው ዓይነት ልጅ ነው።

የሁለቱ ድርጊት አንድ አይደለም የሚሉ አሉ። ክላርክ ያደረገችው በጨዋታ ሙቀት መሀል፣ ለአፍታ ነው፤ ሪስ ግን ውጤቱ ካለቀለት በኋላ ተሸናፊዋን እየተከተለች ነው ያደረገችው። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፣ አልክደውም። ሽንፈቷን የተቀበለችን ልጅ መከታተል ጨዋነት የሚነካ ነገር አለው። ነገር ግን ጥያቄው ተጋጣሚ ተበደለ ወይ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ክላርክ ናት። እሷ ደግሞ ተጠይቃ መልሳለች። በስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ቀርባ ሪስ ፈጽሞ ልትተች እንደማይገባት፣ ሁሉም ተጫዋች እንደሚነጋገርና እንደሚበሻሸቅ ተናገረች። በወቅቱ ቀዳማዊት እመቤት የነበሩት ጂል ባይደን ከሻምፒዮኖቹ ጋር አይዋም ዋይት ሐውስ ይጋበዝ የሚል ሐሳብ ሲያነሱ፣ መሄድ ያለበት ያሸነፈው ኤልኤስዩ ብቻ ነው ብላ የተከራከረችውም ራሷ ክላርክ ናት። ተበድላለች ተብሎ አገር የተቆጣላት ልጅ በደል የለም ስትል፣ ቁጣው የማን እንደነበረ ግልጽ ይሆናል።

በተመሳሳይ ሳምንት በእውነት የተጎዳች ልጅ ነበረች፤ ስለ እሷ ግን ማንም የጨዋነት ጥያቄ አላነሳም። አይዋ በግማሽ ፍጻሜው አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን ሳውዝ ካሮላይናን 77 ለ 73 ሲያሸንፍ፣ ኳሱ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ ብቻዋን የቆመችው ሬቨን ጆንሰን እጅ ገባ። ክላርክ ልትከላከላት አልወጣችም። እንዲያውም "ተያት፣ አታገባም" በሚመስል ሁኔታ እጇን አወናጨፈችና ፊቷን አዞረች። ተከላካይ ደካማ ወርዋሪን ትቶ ቀለበቱን መጠበቁ የታወቀ ዘዴ ስለሆነ በዚያ ማንም አይከሰስም። እጇን ማወናጨፏ ግን ዘዴው ላይ የተጨመረ ነው። ቪዲዮዋ በየስልኩ ተዛመተች፣ ጆንሰንም መሳቂያ ሆነች። ጆንሰን በኋላ እንደተናገረችው ነገሩ ልቧን ሰብሮት ቅርጫት ኳስን ለማቆም እስከማሰብ አድርሷታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። በተጋጣሚ ጉዳት ከመዘንን የክላርክ እጅ ቢያንስ ከሪስ እጅ እኩል ሊጠየቅ ይገባው ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ ጆንሰንን የሰበራት የክላርክ የሁለት ሰከንድ ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ምልክት ደጋግሞ ያጋራው፣ የሳቀበትና አስተያየት የደረደረበት ሕዝብ ነው። ስለ ጨዋነት አብዝቶ የሚጮኸው ተመልካች ውርደቱን ከሜዳው አውጥቶ ቤቷ ድረስ የወሰደባት ራሱ ነው። (ጆንሰን ኳሱን አላቆመችም። በ2024 ፍጻሜ ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 ሲያሸንፍ ክላርክን ስትከላከል ከነበሩት አንዷ ነበረች።)

ደንቦቹም የዚሁ መዛባት ሰለባ ናቸው። በዳላሱ ፍጻሜ ዳኞቹ ለክላርክ ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ቅጣት፣ ሰጥተዋታል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ማብሸቅ አልነበረም። በሦስተኛው ሩብ ማብቂያ ላይ ፋውል ተነፍቶ ጨዋታው ሲቆም ኳሷን ከጀርባዋ ወዲያ ወርወር ስላደረገች ነው። ቡድኑ ጨዋታ በማዘግየት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ነበረበትና ደንቡ በፊደሉ ተተረጎመ፤ አምስት ስትሞላ ለምትወጣው ተጫዋች አራተኛ ፋውሏ ሆነ። የትኛውን ተጋጣሚ ጎዳ? ማንንም። በአሜሪካ ፉትቦልማ ነገሩ ይብሳል። በ2008 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጄክ ሎከር ቡድኑ ቢዋይዩ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ ሲገጥም ሁለት ሰከንድ ሲቀር ተችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመሩ በማሻገር የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረና በደስታ ኳሱን ወደ ሰማይ ወረወረ። ደንቡ ኳስ ወደ ላይ መወርወርን ስለሚከለክል 15 ያርድ ተቀጣ፤ አቻ የምታደርገዋ የተጨማሪ ነጥብ ምት ከርቀት ተመትታ ታገደች፤ ዋሽንግተን 28 ለ 27 ተሸነፈ። በ2019 ደግሞ የኦል ሚሱ ኢላይጃ ሙር በሚሲሲፒ ስቴት ሜዳ አራት ሰከንድ ሲቀር አስቆጠረና በአራት እግሩ ተንበርክኮ እንደሚሸና ውሻ አንድ እግሩን አነሳ። የባለሜዳው ቡድን መለያ ቡልዶግ ነውና ስድቡ ለማን እንደሆነ ማንም አልሳተውም። እሱም 15 ያርድ ተቀጣ፣ ምቷም ሳተች፣ ቡድኑም 21 ለ 20 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙም በቀናት ውስጥ ተባረሩ። አንዱ የተሰማውን ደስታ ወደ ሰማይ የወረወረ ልጅ ነው፤ ሌላው በተጋጣሚው ቤት ተጋጣሚውን ያዋረደ። ቅጣታቸው ግን በያርድ እኩል ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ደንብ ተጋጣሚን አይጠብቅም፤ ሜዳው ለተመልካች ጸጥ ያለ እንዲመስል ብቻ ያደርጋል።

ብሽሽቅ ወደ ጠብ ያመራል የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ማስረጃም አለው። ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ሚሺጋን ኦሃዮ ስቴትን በገዛ ሜዳው 13 ለ 10 አሸንፎ ባንዲራውን መሀል ሜዳ ላይ፣ በባለሜዳው አርማ ላይ ሊተክል ሲል ሁለቱ ቡድኖች ተደባደቡ። ፖሊስ በርበሬ የሚረጭ ጋዝ ተጠቀመ፤ የሚጫወቱበት ሊግ ሁለቱንም ዩኒቨርሲቲዎች 100,000 ዶላር ቀጣ። ይህ በእኔ ሚዛንም ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ቤት ገብቶ ምልክቱን መርገጥ በቀጥታ ተጋጣሚ ላይ የሚፈጸም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሚዛኑ ምን ያህል እንደሳተ ያሳያል። አንድ የኦሃዮ የምክር ቤት አባል በስታዲየሙ ባንዲራ መትከል በወንጀለኛ መቅጫ እንደ ከባድ ወንጀል እንዲቆጠር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። የሊግ ቅጣት በቂ የሆነበትን የኮሌጅ ተማሪ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ተጋጣሚውን በምንም አይክስም።

ልጆች እያዩ ነው የሚለውም ተገቢ ስጋት ነው፤ በተለይ ለእኛ ቤት። ሪስ የሜሪላንድ ልጅ ናት፤ በዚያው አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁን ቅርጫት ኳስ ልምምድ የሚያመላልሰው አንገቱን ደፍቶ የሚጫወት፣ አሸንፎም ዝም የሚል ጨዋ ልጅ እንዲሆንለት ነው። ይሁን እንጂ የገና ጨዋታን ያስተላለፉልን አባቶች እንዲህ አላሰቡም። በገና ጌታም እንደማይቆጣ የታወቀ ነው፤ ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይዘልፋል፤ ድሃው ባለጸጋውን ይናገራል። ነገሩ የሚያዝበት ወሰን ግን ነበረው፤ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል፣ ተራው ለሁለቱም እኩል ነው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ያበቃል። ለልጅ ማስተማር ያለብን ይህንን ወሰን ነው። ደስታህን አሳይ፣ የተረታውን ግን አትከተል፤ ስለ ቆዳው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አካሉ አትናገር፤ የተጎዳ ተጫዋች አጠገብ አትጨፍር፤ ሲያልቅ እጁን ጨብጥ። ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ አይደለም፤ አንድም ቃል ሳይናገር በክርኑ የሚማታ ተጫዋች አለ፣ ያንን ደግሞ ተመልካች ብዙ ጊዜ አያየውም።

ትልልቆቹ ተቋማት ግን ወጣቶቹን በሚገሥጹበት አፋቸው ከብሽሽቁ ገንዘብ ሰብስበዋል። የ2023ቱን ፍጻሜ በአማካይ 9.9 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ለሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። በዓመቱ ኤፕሪል 1 ቀን ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ሲገናኙ፣ ጣቢያዎቹም በሪስና በክላርክ ፍጥጫ ሲያስተዋውቁት፣ 12.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። አይዋ 94 ለ 87 አሸነፈ። ሪስ ከዚያ ጨዋታ በኋላ እያለቀሰች፣ ሻምፒዮን ከሆነች ወዲህ የግድያ ዛቻ ሲደርስባት እንደቆየ ተናገረች። እጇን ስላወዛወዘች ሞት የሚዛትባት ተማሪ ባለችበት፣ ከሁሉም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልገው የተመልካቹ ስሜት ነው ማለት አልችልም።

ደንብ ይቅር እያልኩ አይደለም። በ2011 የኮሌጅ ፉትቦል ደንብ ተለውጦ፣ የጎል መስመሩን ሳያልፍ ተጋጣሚው ላይ ያላገጠ ተጫዋች ተችዳውኑ እንዲሰረዝ ተደርጓል። ይህ ደንብ ለተጋጣሚ ለተሰነዘረ ስድብ ይቆይ፤ እንዲያውም የዘር ስድብ ሲሆን ይክበድ። ኳስ ወደ ሰማይ ለወረወረ ልጅ ግን ቅጣቱ ይነሳ። በቅርጫት ኳስም ዳኛው ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ማየት ያለበት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ ሳይሆን አጠገቡ የቆመችውን ተጋጣሚ ነው፤ ተገፍታለች ወይ፣ መንገድ ተዘግቶባታል ወይ፣ ዞር ስትል አሁንም እየተከተሏት ነው ወይ። ዳላስ ላይ በዚህ ቢለካ ኖሮ ሪስ ስለ ምልክቷ ሳይሆን ስለ መከተሏ "ይበቃሻል" ትባል ነበር፤ ክላርክም አራተኛ ፋውሏን በዚያች ኳስ ባልወሰደች።