አራጣ፣ ወለድ፣ ትርፍ

ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙራቱ ለሳምንቱ ቀናት መከፋፈላቸውን ያውቃል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል፤ እሑድ ለጸሎተ ነቢያትና ለመኃልየ መኃልይ ነው። ይህን ሥርዓት የሠሩት አባቶች የባንክ ሠራተኛ የሚባል ፍጥረት ይመጣል ብለው አላሰቡም። ይሁን እንጂ የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ማለዳ፣ ገና ቁርስ ሳልቀምስ፣ መዝሙር 14 ከፊቴ ይቆማል።

መዝሙሩ አጭር ነው። በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ማን እንደሆነ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ አካሄዱ የቀና፣ አንደበቱ ከሐሜት የራቀ፣ የማለውን የማያጥፍ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም አንባቢ «ይርዳኝ» እያልሁ እዘልቃለሁ። ወደ ማብቂያው ግን በብድሩ ላይ አራጣ የማይበላው ሰው ይመጣል። እዚያ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አማኑኤል ከተማ ውስጥ ከብድር ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ወለድ አሰላለሁና።

አራጣ ሌላ ወለድ ሌላ ነው የሚል መልስ ቅርብ ነው። ሕጉም ይደግፈዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ በጽሑፍ ሊስማሙበት ለሚችሉት ወለድ 12 በመቶ ጣሪያ አበጅቶለታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግርና አላዋቂነት መጠቀሚያ አድርጎ ከተፈቀደው በላይ የሚያበድረውን ይቀጣል። እንግዲህ ከጣሪያው በታች ወለድ፣ ከጣሪያው በላይ አራጣ መሆኑ ነው። ጥርት ያለ ነገር ነው፤ ለሥራ ይበቃል። ለሰኞ ማለዳ ይበቃ እንደሆነ ግን እንጃ።

ባለፈው ክረምት ከከተማው ወጣ ካለ ደብር አንድ የቅኔ መምህር የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። እርሳቸው ያላስገቡትን ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ፦

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ወለድ ነው፣ የኔታ።»

«ማን ወለደው?»

«ብሩ ነው፣ የኔታ። ሲቀመጥ ይወልዳል።»

«ተቀምጦ የሚወልድ!» ፈገግ አሉ። «አባቱስ ማን ነው?»

የተቀመጠውን ብር ለሌላ ሰው እንደምናበድር፣ ያ ሰው ከሚከፍለው ላይ ለእርሳቸው እንደሚደርሳቸው አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያማ አባቱ የዚያ ሰው ወዝ ነው። ልጁን ላባቱ መልስለት» አሉኝ።

ባንክ ወለድን ለተበዳሪው የሚመልስበት ቅጽ የለውም። ከወለድ ነፃ የሆነ ሂሳብ መኖሩን ነገርኋቸው። ለማን ተብሎ እንደተሠራ ጠየቁ። ለሙስሊሞች ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም ለሁሉም ክፍት እንደሆነ መለስሁ። «እኛ በየሰኞው የምንደግመውን እነሱ ሠሩበታ» ብለው ደብተራቸውን አጠፉ።

ይህን የማወሳው እምነትን ከእምነት ላወዳድር አይደለም። ሆኖም ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ እኛ ዳዊት ደጋሚዎቹ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን ነበር ያየነው።

የየኔታ ጥያቄ ዕድሜው ከእርሳቸው እጅግ ይልቃል። ግሪኮች ወለድን «ቶኮስ» ይሉታል፤ ፍቺውም ልደት፣ የተወለደ ማለት ነው። ወለድ ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ሥሩ አንድ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። አርስጣጣሊስ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከተፈጥሮ የራቀ ነገር ነው ብሎ ነቅፎታል። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስም በዚሁ በመዝሙር 14 ላይ አበዳሪዎችን የሚገሥጽ ስብከት አለው፤ እዚያ ላይ ቶኮስ የተባለው ተበዳሪውን እንደ ምጥ ስለሚያስጨንቀው ሊሆን ይችላል እያለ በቃሉ ይጫወታል። ጎጃም ቢወለድ ኖሮ ጥሩ ባለቅኔ ይወጣው ነበር።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። በማቴዎስ 25 የመክሊቱ ጌታ ሰነፉን አገልጋይ ሲወቅስ፣ ገንዘቡን ለለዋጮች ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ከነጭማሪው ያገኘው እንደነበረ ይናገራል። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይህ ጭማሪ «ትርፍ» ተብሏል፤ በመዝሙሩ ላይ ያለው ደግሞ «አራጣ» ነው። በግሪኩ ሁለቱም ቶኮስ ናቸው። አንዱን ቃል ሁለት ያደረጉት ተርጓሚዎቹ ናቸው፤ ለእኔ ለባንክ ሠራተኛው አዝነው ይመስለኛል። እንግዲህ ዳዊት ያወገዘውን ወንጌል እንደ ብልሃት የሚጠቅሰው እንዴት ነው? ጌታው ያልዘራውን የሚያጭድ ጨካኝ ተብሎ ስለተገለጠ ንግግሩ ምክር ሳይሆን አሽሙር ነው የሚሉ አሉ። ምሳሌ ስለሆነ ለብድር ሕግ አይጠቀስም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ አንዳቸውም ግን ከጠረጴዛዬ አያስነሡኝም።

ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ሲሰበሰቡ፣ በ17ኛው ቀኖናቸው ይህንኑ የመዝሙር ቃል ጠቅሰው አራጣ የሚበሉ ካህናትን ከሹመታቸው እንዲሻሩ ወስነዋል። በስም የጠሩት መጠን «ከመቶ አንድ» ነው፤ በወር መሆኑ ነው። በሙያዬ ልማድ አባዛሁት፤ በዓመት 12 በመቶ መጣ። አባቶች ለካህን ነውር ያሉት መጠን እና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሁሉ የፈቀደው ጣሪያ አንድ ቁጥር ናቸው።

የአባቶች ገንዘብ ብርና ወርቅ እንደነበረ አልዘነጋም። የእኛው ብር ተቀምጦ ያንሳል። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢልም፣ በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት አስቀማጩ የወለደው የለም፤ አስወረደው ቢባል ይቀላል።

ደግሞ ወለድ አገድ አለ። ገበሬው ለሕክምና ወይም ለተዝካር ገንዘብ ሲቸግረው ይበደርና መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፤ ዋናው ብር እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው እያረሰ ይበላል። ሦስት ዓመት ቢቆይ ሦስት አዝመራ ይወስዳል፤ ዕዳው ግን አንዲት ሳንቲም አይጎድልም። ስሙ ራሱ ወለድን የሚያግድ ስለሆነ አራጣ ብሎ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም፤ ዳዊትም አልጠቀሰውም። አንድ አዛውንት ደመወዝተኛ ልጃቸውን ዋስ አድርገው ከባንክ ተበደሩና መሬታቸውን አስለቀቁ። ያን ቀን ወለዳቸውን ያሰላሁላቸው እኔ ነበርሁ። ሲወጡ የመረቁኝ ምርቃት እስካሁን አለኝ። ሰኞ ሲመጣ ምርቃቱን ከመዝሙሩ ጋር አብሬ እይዘዋለሁ፤ እርስ በርስ አይስማሙም።

የከተማችን ስም ፍቺው «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» እንደሆነ ኢሳይያስን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ከእኛ ሲባል ከባንኮኒው ወዲህ ካለነው ጋር ይሁን ወይስ ወዲያ ከቆሙት፣ ሰልፉ በሚረዝምበት ቀን እንዲህ ያለው ሐሳብ ይመጣብኛል።

ማክሰኞ፣ በመዝሙር 36፣ ዳዊት ፊቱን ወደ ተበዳሪው ያዞራል፤ ተበድሮ የማይከፍለውን ከኃጥአን ይደምረዋል። ያን ጊዜ ቀናቸው ያለፈ ብድሮች ዝርዝር በዓይኔ ይመላለሳል። ከእነዚያ መካከል ኃጥእ ለማለት የምደፍረው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው በሬ የሞተበት፣ ዝናብ የከዳው ነው። ረቡዕ መዝሙር 71 ስለሚመጣው ንጉሥ ይናገራል። የመዝሙራችን አቆጣጠር በተከተለው በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ይህ ንጉሥ የድሆችን ነፍስ ከዚያው ከቶኮስ እንደሚያወጣ ተጽፏል። የሚያወጣው ወለዱን የሚከፍሉትን ብቻ ይሁን ወይስ የሚያሰሉትንም ይጨምር እንደሆነ የኔታን ልጠይቃቸው አስቤአለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው።