ዝርዝር ወሬ

በሁለተኛ ዓመት ትምህርታችን ማብቂያ ላይ እኛ የአንድ ዶርም ልጆች አንድ ጓደኛችንን ሌባ አደረግነው። ሌባ ግን አልነበረም። እንዴት እንዳደረግነው በቅጡ የገባን በቅርቡ ነው፤ ያስረዳንም የፍልስፍና መምህር ሳይሆን አብሮን የሚያድር የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ለነገሩ እሱ ስለ ሰው አልነበረም የሚያወራው፤ ስለ ራውተር እንጂ።

ጥያቄያችን የየዋህ ጥያቄ ነበር። ከዶርማችን የተላከ መልእክት ባሕር ማዶ ለመድረስ ብዙ መንገድ ካለው፣ የቱ እንደሚሻል ማን ይወስናል? «እያንዳንዱ ራውተር ለራሱ» አለን። ራውተር ማለት እንግዲህ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው ነው፤ መልእክቱን ይቀበላል፣ አድራሻውን ያያል፣ «በዚህ በኩል ሂድ» ብሎ ለቀጣዩ ያሳልፋል። የሩቁን አገር በዓይኑ አላየም፤ የሚያውቀው ጎረቤቶቹ የነገሩትን ነው።

«እንግዲያው አጭሩን ይመርጣላ!» አልነው። ሳቀብን።

ርዝመት የሚታየው ወደ መጨረሻው ነው ለካ። ወደ አንድ ስፍራ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ሲነገሩት፣ ራውተሩ አስቀድሞ «ማን ነገረኝ?» ይላል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ለየወሬው ምንጭ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር እምነቱ ይበዛል። በገዛ ገመዱ የተያያዘው 0፣ ባለሙያ በእጁ የጻፈለት 1፣ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በሚባለው ዘዴ የተሰማው 110፣ ሪፕ በሚባለው የቆየ ዘዴ የተሰማው 120። ዋጋ የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው። ሪፕ በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች ብቻ ይቆጥራል፤ ከ15 ካለፉ «አይደረስበትም» ብሎ ይተዋል። ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ግን የመስመሩን ፍጥነት ይመለከታል፤ የሚያሰላበትንም ዘዴ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ያህል አፈለቀው። (እኛ በ20 ደቂቃ ያዘዝነው ማኪያቶ እንኳ አይመጣልንም።)

በትልልቆቹ ኔትወርኮች መካከል የሚሠራው ደግሞ ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎሂድ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ምሳ ላይ በናፕኪን የነደፉት ነው። እዚህ ጋ ከርዝመት በፊት የባለቤቱ ፈቃድ ይቀድማል። ኩባንያው ለገንዘብም ይሁን ለውል «በዚያኛው በኩል ይሁንልኝ» ካለ፣ አጭሩ መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል። ይኼ አልደነቀንም፤ የዘመድ ሥራ መቼስ እናውቃለን።

ያስደነገጠን ቀጥሎ የነገረን ነው። መልእክቱ ሊተላለፍ ሲል ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገዛ አንድ ሕግ አለ፤ ዝርዝሩ ሰፊውን ይረታል። አንዱ «መርካቶ የሚሄድ በኔ በኩል» ቢል፣ ሌላው «ምናለሽ ተራ የሚሄድ በኔ በኩል» ቢል፣ ለምናለሽ ተራ ራውተሩ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። መንገዱ ይርቃል ወይ? ተናጋሪው ይታመናል ወይ? አይልም።

በ2000 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008፣ የሆነው ይኼው ነው። ዩቲዩብ 1,024 አድራሻዎችን በአንድ ሰፊ ማስታወቂያ ያስነግር ነበር። የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በሀገሩ ውስጥ እንዲዘጋ ታዝዞ፣ ከእነዚያ መካከል 256ቱን «በኔ በኩል ናቸው» የሚል ጠባብ ማስታወቂያ አወጣ። ለሀገር ቤት የታሰበው ወሬ ሾልኮ በሆንግ ኮንጉ ፒ.ሲ.ሲ.ደብልዩ. በኩል ዓለምን አዳረሰ። ራውተር ለራውተር ተቀባበለው፤ አንዱም «አንተን ማን ነገረህ?» አላለም። የዩቲዩብ ተመልካች ፓኪስታን ሄዶ ጠፋ። ዩቲዩብ ከአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ መልስ ሲሰጥ «ውሸት ነው» ብሎ አልነበረም፤ ያ አይሠራም። እሱም እነዚያኑ 256 አስነገረ፣ ያም አልበቃ ሲል 128፣ 128 አድርጎ ከፈላቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ።

ልጁ ይህን ሲያወራ እኛ እርስ በርሳችን መተያየት ጀምረን ነበር።

አባቱ የሞተበት የክፍላችን ልጅ ነበር። ለለቅሶው አዋጣን፤ ገንዘቡን የያዘው ያ ጓደኛችን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬ መጣ፤ «ሐሙስ ማታ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ቤት፣ ለአራት ሰው ጥብስ ከፈለ፤ ብሩ በቢጫ ላስቲክ የታሰረ ነበር።» መዋጮውን ያሰርነው በቢጫ ላስቲክ ነበር! ልጁ ታማኝ መሆኑን ሁለት ዓመት ሙሉ እናውቅ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ «ታማኝ ነው» የሚለው ሰፊ ነገር ነው፤ ሐሙስም ጥብስም ላስቲክም የለበትም። በማግሥቱ ከእኛ ዶርም አልፎ ሕንፃውን ዳረሰ።

እሱ «ኧረ ሰጥቻለሁ!» ይል ነበር። ማን ሰምቶት። በመጨረሻ አንድ ወረቀት አምጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋልን። ብሩን የሟች ወንድም አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ ሐሙስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቆጥሮ ፈርሞ ተረክቦታል። የብሩ ልክ በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል። ያን ጊዜ ዝም አልን።

በኔትወርኩ ዓለም ዛሬ አድራሻውን ለማስነገር ማን መብት እንዳለው በፊርማ የሚያረጋግጥ መዝገብ አለ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ኔትወርኮች ወሬውን ከመቀበላቸው በፊት ያገናዝባሉ። እኛ ዘንድ ወሬውን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው እስካሁን አልታወቀም። አምስታችንም ስንጠየቅ ወደ ጎናችን ነው የምንጠቁመው።

ጓደኛችን ዶርም ቀየረ። ስንገናኝ ይጨብጠናል፣ ካፌ ግን ከሌሎች ጋር ነው የሚበላው። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ለቅሶ ስናዋጣ «ብሩን ማን ይያዝ?» ተባለ። ሁላችንም ያሰብነው እሱን ነበር፤ ስሙን የጠራ ግን የለም።