መጋቢት 11፣ ጥርት ያለ ሰማይ

ባለፈው ዓመት መጋቢት 11 ቀን ጧት እናቴ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን መስኮት አጠገብ ቆማ ሰማዩን ስታይ ቆየች። አንድም ደመና የለም። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ ካፖርታቸውን ጥለው በሸሚዝ የሚሄዱም ነበሩ። እኔም ደስ ብሎኝ «እማዬ፣ እይው እንጂ፣ እንዴት ያምራል!» አልኳት።

ፊቷን ሳታዞር «በመጋቢት እንዲህ ጠርቶ! እግዜር ይሁነን» አለች።

ወዲያው አልገባኝም። እናቴ የወሎ ደላንታ ሰው ናት። ደላንታ የበልግ አገር ነው። በደጋው ላይ ክረምቱ ሲገባ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ ብርዱም ይበረታል፤ ስለዚህ ብዙ ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው ከየካቲት ጀምሮ በሚጥለው ዝናብ ላይ ነው። ገብሱ የሚዘራው በዚያ ዝናብ ነው። መጋቢት ላይ ሰማይ ጠራ ማለት እዚያ መልካም ዜና አይደለም። «በ76 ወሩን ሙሉ እንዲህ ነበር የዋለው» አለችኝ ቆይታ። «ጧት ደመና መስሎ ይታያል፣ ረፋድ ላይ ይበተናል። ሰው ደጅ ተቀምጦ ሽቅብ እያየ ይውል ነበር።» በ1976 የወሎ በልግ ቀረ፤ ከዚያ ክረምቱም አልሰመረም። የ77ን ረሃብ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

የዚያን ቀን ማታ ተቀምጬ የዋሽንግተንን የመጋቢት መዝገብ ማየት ጀመርኩ። እዚህ ከተማ የአየሩ ነገር ከ150 ዓመት በላይ በየዕለቱ ተጽፏል። የፈለጋችሁትን ቀን ብትጠይቁ ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ቁጥሩ አለ። ሳነበው ያመሸሁት ግን የሰው ታሪክ ሆኖብኝ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1909 ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ትንበያው ሰማዩ ይጠራል ብሎ ነበር፤ ሌሊቱን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወረደና ሥነ ሥርዓቱ ከደጅ ወደ ሴኔቱ አዳራሽ ገባ። ባለቤታቸው ሔለን ታፍት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 27 ቀን 1912፣ ከቶኪዮ በስጦታ ከመጡት ከ3,000 በላይ የቼሪ ዛፎች የመጀመሪያዋን በታይዳል ቤዚን ዳር ተከሉ። እነዚያ ዛፎች ራሳቸው መዝገብ ሆነዋል። አበባው 70 በመቶ የፈነዳበት ቀን በየዓመቱ ይጻፋል፦ እ.ኤ.አ. በ1990 መጋቢት 15 ላይ ደረሰ፤ በ1958 ደግሞ እስከ ሚያዝያ 18 ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2017 አበባው ቀድሞ ሊፈነዳ ሲል መጋቢት አጋማሽ ላይ ውርጭ ወርዶ ግማሽ ያህሉን አቃጠለው። ያው ወር፣ ያው ከተማ፣ ያው ዛፍ ነው፤ ዓመቱ ግን እንዳሻው ይሆናል።

ብርሃኑ እንዲህ አይደለም። መጋቢት 11፣ በዚህ አገር አቆጣጠር መጋቢት 20፣ እዚህ ፀሐይ በየዓመቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ10 አካባቢ ትወጣለች፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 አካባቢ ትገባለች። ቀኑና ሌሊቱ እኩል ነው ይባል እንጂ ቀኑ ከ12 ሰዓት በ9 ደቂቃ ያህል ይበልጣል፤ የፀሐይ ጫፍ ብቅ ሲል ነው ወጣች የሚባለው፣ አየሩም ብርሃኑን አጥፎ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ያሳየናል። በዚህ ሰሞን ቀኑ በየዕለቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። አዲስ አበባ ጭማሪው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

ይህን ለእናቴ ሳነብላት «ስንክሳሩ ነዋ!» አለች። አባቷ ቄስ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስንክሳር በየወሩ መግቢያ ላይ የቀኑን ርዝመት ይናገራል፦ መጋቢት 12 ሰዓት፣ ከዚያም ይጨምራል፤ ሚያዝያ 13፣ ግንቦት 14፣ ሰኔ 15፤ ታኅሣሥ ላይ 9 ብቻ። ልጅ ሆና ሰኔ ላይ 15 ሲባል እየሰማች ይህ ቀን የት አገር ነው የሚውለው ትል ነበር፤ ደላንታ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላምና። መጽሐፉ ከግብፅ መጥቶ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው፤ እስክንድርያ ላይ እንኳ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ገደማ ነው። ዋሽንግተን ላይ ግን ሰኔ ውስጥ ረጅሙ ቀን ከ15 ሰዓት የሚጎድለው 6 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ። አባቷ ያነበቡትን ቀን በሰባ ዓመቷ አየችው። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «አባቴ ይህን ባየ» አለች።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑን አባቶቻችን ጽፈውታል። የደላንታን በልግ ማን ጻፈው? የ76ን መጋቢት፣ ከዚያ በፊት የቀረበትን ዓመት፣ ዘግይቶ መጥቶ ገብሱን ያተረፈበትን ዓመት እናቴ ትናገረዋለች፤ በልጅ መወለድና በጎረቤት ሞት እየቆጠረች አንዱንም ሳታዛንፍ ትናገረዋለች። ከእሷ ጭንቅላት ውጭ ግን የለም።

በማግስቱ ባለመስመር ደብተር ገዛሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከ1976 ጀመርን፤ ወደ ኋላ እየሄድን አሁን 1958 ላይ ደርሰናል። ትዝ የማይላትን ዓመት ባዶ እተወዋለሁ። በየቀኑ ደግሞ ሁለት መስመር ይጻፋል፤ አንዱ የዚህ፣ አንዱ የዚያ። ለሁለተኛው መስመር ወንድሜ ጋ እንደውላለን። የዚህ አገር ሰዓት በመጋቢት ሰሞን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ልዩነታችን ከስምንት ሰዓት ወደ ሰባት ዝቅ ይላል፤ እኛ ምሳ ላይ ስንሆን እሱ ከማሳ ተመልሷል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦

መጋቢት 12። ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ። ደላንታ፦ ከሰዓት በኋላ ደመና፣ ማታ ትንሽ ካፊያ፣ መሬቱን አላራሰም።