የሕፃኑ ትኩሳትና የእኛ ቸልተኝነት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሹ ልጃችን 15 ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባቱን ለሁለተኛ ጊዜ ማስከተብ ይገባን ነበር። የመጀመሪያውን በ9 ወሩ ተከትቦ ነበርና፣ ጤናማነቱንም አይተን «የተከተበ ልጅ ምን ያገኘዋል?» በማለት ቀጠሮውን አሳለፍነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኛው ነው። ከወራት በኋላ ኩፍኝ ወደ ሰፈራችን በገባ ጊዜ ሕፃኑ በትኩሳት ነደደ፤ ዓይኑ ቀላ፤ ሽፍታውም ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ገላው ወረደ። ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ቫይታሚን ኤ አሰጠነው፤ ሌሊቱንም በራስጌው ተቀምጠን ስንጸልይ አደርን።

ያን ሌሊት በዚያ ትንሽ ሥጋ ውስጥ ምን ይደረግ እንደ ነበረ የተረዳነው በኋላ ነው። ፈጣሪ ሰውን ያለ ጠባቂ አልተወውም። ቆዳችን ቅጥር ነው፤ እንባ፣ ምራቅና ንፍጥም የበር ዘበኞች ናቸው። ይህን ሁሉ አልፎ የገባውን ረቂቅ ተሐዋሲ አስቀድመው የሚገጥሙት፣ ጠላትን እየዋጡ የሚያጠፉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እኛን ያስጨነቀን ትኩሳት እንኳ የውጊያው አንድ ክፍል ነበር፤ ሙቀቱ የተሐዋሲውን መራባት ያዳክማልና።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛው ሠራዊት ይነሣል። ይህ ያንን አንድ ጠላት ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ነው። ከፊሉ ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ በተሐዋሲው ላይ ያጣብቃል፤ ከፊሉም በጠላት የተያዙትን የገዛ ራሱን ሕዋሳት ያጠፋል። ድል ከተገኘ በኋላ አብዛኛው ሠራዊት ያልፋል፤ ጥቂቶች ግን የጠላትን መልክ እያስታወሱ ለዘመናት ይኖራሉ። ክትባት ማለት እንግዲህ በሽታውን ሳያመጣ ይህን ትዝታ ለሥጋ ማስተማር ነው።

ታዲያ ስለ ምን ሁለት ጊዜ? እናት ገና በማኅፀን ሳለ ለልጇ የራስዋን መከላከያ ታወርሰዋለች። ይህ ስጦታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ቀሪው የክትባቱን ትምህርት ሊያደበዝዘው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ያልተማሩ ሕፃናት አሉና ሁለተኛው የሚሰጠው ለእነርሱ ሲባል ነው። ልጃችን ከእነዚያ አንዱ ሳይሆን አልቀረም።

ኩፍኝ ከዚህ የከፋ ተንኮል አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የታተመ ጥናት፣ በኔዘርላንድ ሳይከተቡ በኩፍኝ የታመሙ 77 ሕፃናትን መርምሮ፣ ሥጋቸው ለሌሎች በሽታዎች አከማችቶት ከነበረው ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ መጥፋቱን አሳይቷል። ሕፃኑ ከኩፍኝ ቢድን እንኳ፣ ቀድሞ ድል ለነሣው ጠላት እንደገና ይጋለጣል ማለት ነው።

በእግዚአብሔር ቸርነት ልጃችን ዳነልን። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። እንግዲህ ጸሎትና ክትባት የሚጣሉ አይደሉም። እኛ ያን ሌሊት ለምነን ያገኘነውን፣ አስቀድመን በአንዲት ቀጠሮ ልንጠብቀው በተቻለን ነበር። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉና፣ እናንተም ወላጆች ዛሬውኑ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ።