የሰሜን ሸዋ ዋሻዎች ባለቤት አላቸው

ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ የጣርማበርን ዋሻ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱን በትኩስ ሻይ አባርሮ፣ ደጋውን ጨርሶ፣ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አገሩ ቁልቁል ይዘረጋለታል። ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሎ ይገዛል። ዋሻውን ያስቆፈረው ጣሊያን ነው፤ በአምስቱ የወረራ ዓመታት። ይህ ሲነሳ «መቼም መንገድ ሠርቶልናል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ሌላ ዋሻ ይታወሰኛል፤ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ያልሰማነው።

አካባቢው ዘረት ይባላል፤ ዋሻው አመጸኛ ዋሻ። በራስ አበበ አረጋይ ሥር ይዋጉ ከነበሩት አርበኞች ወገን የሆኑ ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ከቁስለኛና ከሽማግሌ ጋር ተጠልለውበት ነበር። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከበባቸው። በጥይት አልበገር ሲሉት የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ረሸናቸው። ከሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ጉዳዩ በውጭው ዓለም የተሰማው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ አገላብጦ፣ ቦታውም ድረስ መጥቶ በ1998 ዓ.ም. ይፋ ካደረገው በኋላ ነው። ከእሱ በኋላ የሄዱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በዋሻው ውስጥ የሰው አጽም፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የእህል ጎተራ አግኝተዋል።

ጎተራ! እኔን እዚህ ላይ ነው የሚያስቆመኝ። ሰው ጎተራ የሚያኖረው ለመኖር ባሰበበት ቦታ ነው። እነዚያ እናቶች ክረምቱን እናሳልፋለን ብለው እህል ቋጥረው ነበር።

ስለዚህ «ሰሜን ሸዋ ለጀብዱ ይመቻል» ሲባል ደስ ቢለኝም ልቤ ይከብዳል። እርግጥ ነው፣ ይመቻል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ አንኮበር ስትደርሱ ምድሩ ድንገት ያልቅና የአፋር ቆላ ከሥራችሁ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና ዳግማዊ ምኒልክ ከነገሡበት ግቢ የድንጋይ ግንብ ቅሪት አለ። ገደሉ ላይ ጭላዳዎች ያድራሉ። ወፍ ዋሻ የሚባለው ጥንታዊ ደን ከዚያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አካባቢ ለተገኘች አንዲት ትንሽ ወፍ ሲሉ ብቻ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። በእግር ለሚሄድ፣ ብርድ ለማይፈራ፣ ይህን የመሰለ አገር አላውቅም።

ግን የትኛውም ገደል፣ የትኛውም ዋሻ ባዶ አይደለም። መንዝ ጓሳን ተመልከቱ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ያ የሣር አገር ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ለምንድን ነው? ገበሬው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ስለጠበቀው ነው። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲበስል በበጋ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ሰዉ ግን ሣሩን አልተወውም፤ ዛሬም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ ነው፣ እንግዳ ማረፊያውም የማኅበረሰቡ ነው።

ዘረትም እንዲህ ያለ ጠባቂ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በዓድዋ በዓል አደባባይ የምንወጣ ሰዎች በዋሻ ውስጥ በመርዝ ያለቁትን በስም የማናስብበት ምክንያት አይገባኝም። የሸዋ ተማሪ የታሪክ ጉብኝት ሲወጣ አመጸኛ ዋሻ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት። በቦታውም አጽሙ በክብር የሚያርፍበት፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ሊቆም ይገባል።

እናንተም የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁና ሂዱ፤ ያለፉት ዓመታት በዚህ አገር ሕዝብ ላይ ከባድ ነበሩ። ስትሄዱ አልፋችሁ አትመለሱ፣ እደሩ። መንገድ የሚያሳያችሁን የአገሩን ልጅ በተገቢው ዋጋ ክፈሉት። ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት «ማን ነበረበት?» ብላችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ እዚያ ያገኛችሁትን ስባሪ ሸክላ እንኳ አታንሱ።