ደቻቱን በኮምፒውተር

እኛ ሦስት ጓደኛሞች በዚህ ክረምት ጎርፍ ስንሠራ ከረምን ብንል የሚያምነን ባይኖርም ነገሩ እውነት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ እስከ አፉ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታና ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሲሄድ ከመካከላችን አንዱ አልተወለደም፤ ሁለታችን ገና በእናቶቻችን ጀርባ ነበርን። እኛ ደቻቱን የምናውቀው አሸዋው ደርቆ ሰው ሲመላለስበት ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት ለማኅበራችን የፊልም ምሽት በኮምፒውተር እናሳይ ዘንድ ተነሣን።

መሣሪያችን ብሌንደር የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። በዚህ ዘዴ ውሃ እንደ አንድ ነገር አይሣልም፤ ብዙ ቅንጣት ከአንድ ገጽ ላይ ይረጫል እንጂ። የሉካስፊልሙ ባለሙያ ዊልያም ሪቭስ ለሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም የእሳት ግድግዳ የሠራው በዚሁ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. በጽሑፍም አወጣው። ለእያንዳንዱ ቅንጣት ፍጥነት፣ አቅጣጫና ዕድሜ ይሰጠዋል፤ በላዩም ጥቂት የዕጣ ልዩነት ይጨመርበታል።

እኛ ምንም ሳንነካ ብንለቀው ፕሮግራሙ 1000 ቅንጣት ሰጠን። እያንዳንዱ ከገጹ ቀጥ ብሎ በሰከንድ 1 ሜትር ይወጣና ከ50 ሥዕል በኋላ ይሞታል፤ ይኸውም በሰከንድ 24 ሥዕል ለሚሄድ ፊልም ሁለት ሰከንድ ያህል መሆኑ ነው። ጎርፋችን ከደንገጎ በኩል ተነሥቶ ከተማው ሳይደርስ በነነ። (ከዚህ የተሻለ የጎርፍ መከላከያ አላየንም!) ዕድሜውን ብናረዝምለት ደግሞ የመሬት ስበት ጎትቶት ቁልቁል እንደ ዝናብ ወረደ። በመጨረሻ የወንዙን መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን በመስመር ሥለን መስመሩን መሪ አደረግነው። ቅንጣቶቹም እንደ ሰልፈኛ ተማሪ አንዱም ሳይዛነፍ ተከተሉት። ሰማያዊ ቀለም ቀባናቸው። እጅግ ደስ አለን።

የአንዳችን አያት በዚያ ሌሊት ታናሽ እኅታቸውን ያጡ ናቸው። ብናሳያቸው ዝም ብለው አዩና «ይኼ የቧንቧ ውሃ ነው» አሉን።

«እማማ፣ ምኑ ላይ ተሳሳትን?»

«ልጆቼ፣ ውሃው በመንገዱ ቢሄድማ ማን ይሞት ነበር? ጭቃ ነበር፤ ድንጋይና ግንድ ተሸክሞ። የኋላው የፊቱን እየገፋ በየግቢው ገባ እንጂ ተሰልፎ አልመጣም።» ከዚያም ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ አድርገው ውሃው በየት ዞሮ ወደ ቤት እንደ ገባ አሳዩን። እኛ ቤቱን ጭራሽ አልሠራነውም ነበር።

ስህተቱ የቁጥር አልነበረም። የእኛ ቅንጣት ጎረቤቱን አያውቅም፤ ሁለቱ ቢገናኙ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያልፋል። ግድግዳም ቢሆን እንቅፋት ነው ተብሎ ካልተነገረው አያቆመውም። ስለዚህ መሪውን መስመር አጠፋን። እንዲገፋፉ ብለን ቅንጣቶቹን ከተራው ዓይነት ፈሳሽ ወደሚባለው ለወጥናቸው፤ ዳርቻውንና ቤቶቹን መጋጫ አደረግን፤ በፍጥነቱም ላይ የዕጣ ልዩነት ጨመርን። ሰማያዊውም ቀረ። አሁን ውሃው ወዴት እንደሚዞር እኛም አስቀድመን አናውቅም። ለጥቂት ሰከንድ ፊልም ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል፤ መብራት የሄደ ለት ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ከመካከላችን አንዱ፣ የሰው ሐዘን መጫወቻ አይደለምና ጨርሶ እንተወው ይላል። ክርክሩ አላለቀም። የተስማማንበት ነገር፣ ፊልሙ ከማንም በፊት ለእማማ እንዲታይ ነው፤ እሳቸው «ይቅር» ካሉ ይቀራል። በዚህ ሳምንት ቤቱን እየሠራን ነው። በሩ ወደ ወንዙ የሚከፈት እንደ ነበረ ነግረውናል።